ወደብን በሰው አልባ የባሕር ተሽከርካሪዎች እንዴት መጠበቅ ይቻላል?

ወደብ በየብስ በኩል ብዙውን ጊዜ በደንብ ይጠበቃል። አጥር አለ፣ ፍተሻ አለ፣ ካሜራ አለ። በውሃው በኩል ግን በሩ ወለል ብሎ የተከፈተ ነው። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2000 ዩኤስኤስ ኮል የተባለው የአሜሪካ የጦር መርከብ ኤደን ወደብ ላይ ነዳጅ እየሞላ ሳለ፣ ፈንጂ የጫነች ትንሽ ጀልባ ተጠግታው ፈነዳች። 17 መርከበኞች ሞቱ።

ሰው አልባ ተሽከርካሪዎች ይህን ክፍተት ለማጥበብ በጣም ይረዳሉ። ችግሩ ብዙዎች መጀመሪያ ዕቃውን ይገዙና ከዚያ ሥራ ይፈልጉለታል። እኛ ከሌላው ጫፍ እንጀምር።

1. የምትፈሩትን ለዩ

እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው አይኤስፒኤስ የተባለው ዓለም አቀፍ ደንብ፣ የውጭ መርከቦችን የሚያስተናግድ ወደብ የሥጋት ግምገማና የደህንነት ዕቅድ እንዲኖረው ያስገድዳል። ያንን ግምገማ አውጡና ስለ ውሃው የሚለውን አንብቡ። የምትፈሩት በፍጥነት የምትመጣ ጀልባ ነው? ጠላቂ ዋናተኛ? መርከብ ሥር የተለጠፈ ፈንጂ? ወይስ በመርከቡ የውሃ ማስገቢያ ውስጥ የተደበቀ አደንዛዥ ዕፅ? ለሁሉም የሚሆን አንድ መሣሪያ የለም።

2. መሣሪያውን ለሥራው ምረጡ

በውሃው ላይ የምትሄደው ሰው አልባ ጀልባ ራዳር፣ የሌሊት ካሜራና ድምፅ ማጉያ ይዛ ቅኝት ታደርጋለች። ትልልቅ መርከቦች ማንነታቸውን በሬዲዮ የሚያሳውቅ ኤአይኤስ የሚባል መሣሪያ አላቸው። ትንንሽ ጀልባዎች ግን አብዛኞቹ የላቸውም፤ ስለዚህ እነሱን በዓይንና በራዳር መከታተል ግድ ነው።

ሁለተኛው ዓይነት በኬብል ታስሮ ከላይ የሚነዳው ጠላቂ ሮቦት ነው። የመርከብን ሥር፣ የፕሮፔለሩን (እየዞረ መርከቡን የሚገፋውን ክፍል) አካባቢና የመቆሚያውን ምሰሶዎች ይመረምራል። ሦስተኛው ያለ ኬብል በራሱ የሚዋኝና የባሕሩን ወለል በሶናር፣ ማለትም ድምፅ ልኮ ከማሚቶው ምስል በሚሠራ መሣሪያ፣ የሚያስስ ነው።

ገንዘባችሁ ለአንዱ ብቻ ከበቃ፣ በእኔ አስተያየት በኬብሉ ሮቦት ጀምሩ። ምስሉን ወዲያው ያሳያችኋል፤ ጠላቂ ሰውንም ከአደገኛ ቦታ ያስቀርላችኋል።

3. ወለሉን አስቀድማችሁ እወቁት

የሥራው ልብ ይሄ ነው፤ የሚዘለለውም ይሄው ነው። የወደብ ወለል በአሮጌ ጎማ፣ በበርሜል፣ በተበጠሰ ኬብልና በተጣለ ብረት የተሞላ ነው። ትናንት ምን እንደነበረ የማያውቅ ሰው ዛሬ አዲስ የመጣውን ሊለይ አይችልም።

ስለዚህ ነገሩ ሰላም በሆነበት ጊዜ መላውን ወለል በሶናር ቃኙ። ተሽከርካሪው እርሻ እንደሚያርስ በሬ ወዲያና ወዲህ በትይዩ መስመር ይመላለስ። መስመሮቹ መደራረብ አለባቸው፤ ወደ ግራና ቀኝ የሚያየው የጎን ሶናር ከራሱ ሥር ያለውን ጠባብ ቦታ በደንብ አያይም። ያገኛችሁትን ዕቃ ሁሉ ከነቦታው መዝግቡ። ማውጣት የሚቻለውን አውጡ፤ ወለሉ በጸዳ ቁጥር ቀጣዩ ፍተሻ ይፈጥናል። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱን አዲስ ቅኝት ከዚህ መዝገብ ጋር አነጻጽሩ። ማዕበል ካለፈ ወይም ወለሉ ከተቆፈረ በኋላ መዝገቡ ይታደስ።

ሶናር የተመረጠው ያለ ምክንያት አይደለም። የወደብ ውሃ ብዙ ጊዜ ድፍርስ ስለሆነ ካሜራ ከጥቂት ርቀት በላይ አያይም። እ.ኤ.አ. በ2003 የኢራቁ ኡም ቃስር ወደብ ከፈንጂ ሲጸዳ፣ ሬመስ የተባሉ ትንንሽ በራሳቸው የሚዋኙ ተሽከርካሪዎች ጥቅም ላይ የዋሉትም ለእንዲህ ዓይነቱ አሰሳ ነው።

4. የውሃውን ገደብ ተቀበሉ

ጂፒኤስ ውሃ ውስጥ አይሠራም። ተሽከርካሪው አቅጣጫውንና ፍጥነቱን እየለካ ቦታውን ይገምታል፤ ግምቱ እየሳተ ሲሄድ ወደ ላይ ወጥቶ ያስተካክላል። ሬዲዮም እንዲሁ ውሃ ውስጥ ሩቅ አይደርስም። መልእክት የሚተላለፈው በድምፅ ነው፤ ድምፅ ደግሞ የሚሸከመው መረጃ ትንሽ ነው። ስለዚህ ያለ ኬብል የሚዋኘው ተሽከርካሪ የቀጥታ ቪዲዮ ይልክልናል ብላችሁ አትጠብቁ። መረጃውን በደንብ የምታዩት ሲመለስ ነው።

5. ከወደቡ ትራፊክ ጋር አስማሙት

ቅኝቱ የሚደረግበትን ሰዓትና መስመር የወደቡ የመርከብ ተቆጣጣሪ ይወቀው። ጀልባዋ እ.ኤ.አ. የ1972ቱን የባሕር ላይ ግጭት መከላከያ ደንብ አክብራ ትሂድ፤ ማታ መብራቷን ታብራ። ሮቦት መርከብ ሥር ከመግባቱ በፊት ፕሮፔለሩ እንዳይዞር መቆለፉን ከካፒቴኑ በጽሑፍ አረጋግጡ። በቃል ብቻ አይበቃም።

የሬዲዮ ግንኙነት ቢቋረጥ ወይም ጂፒኤስ ቢታወክ ጀልባዋ ምን እንደምታደርግም አስቀድሞ ይወሰን፦ ትቁም ወይስ ትመለስ? ግንኙነቱ መመስጠር አለበት። የተጠለፈች ጀልባ ራሷ ሥጋት ናት።

6. ሲገኝስ?

ማሽኑ ያያል እንጂ አይዝም፣ አያመክንም። አጠራጣሪ ነገር ሲታይ ማን እንደሚደወልለት፣ መርከቡን ማን እንደሚያስለቅቅ፣ የፈንጂ ባለሙያ ከየት እንደሚመጣ ስምና ስልክ ተጽፎ ይቀመጥ። ኦፕሬተሩ ዕቃውን በሮቦቱ እጅ መንካት የለበትም፤ ምስሉንና ቦታውን ይዞ ይራቅ።

ከዚያ ልምምድ አድርጉ። ፈንጂ የሚመስል ባዶ ዕቃ መርከብ ሥር ወይም ወለሉ ላይ አስቀምጡና ቡድኑ ሳያውቅ ፍተሻ ይውጣ። ካላገኘው የቅኝቱን መስመር አጥብቡት። አግኝቶት ጥሪው ከዘገየ ደግሞ ማሽኑን ትታችሁ የስልክ ዝርዝሩን አስተካክሉ።