በህንድ ጥንታዊ ቅርጾች ላይ የእባብ ንጉሥን ለመለየት

መጀመሪያ ከቅርጹ ራስ በላይ የተዘረጉትን የእባብ ራሶች ይቁጠሩ። የእባብ ንጉሥ (ናጋራጃ) ብዙውን ጊዜ 7 አለው፤ በአጃንታ (በምዕራብ ህንድ ከዓለት የተፈለፈሉ የቡድሂስት ዋሻዎች) 19ኛው ዋሻ ደጃፍ የተቀረጸውም እንዲሁ፤ አጠገቡ የተቀመጠችው ንግሥት ግን 1 ብቻ። ቁጥሩ ብቻውን ያሳስታል፤ የጃይን ሃይማኖት ተከታዮች የሚያከብሩት መምህር ፓርሽቫናታም በአብዛኛው 7 አለው። ስለዚህ ሰውነቱን ይመልከቱ፦ ዘውድና ጌጥ ካለው ናጋራጃ ነው፤ ያለ ምንም ጌጥ ቀጥ ብሎ ከቆመ ወይም በተመስጦ ከተቀመጠ ፓርሽቫናታ ነው። በሰሜን ህንድ ባለችው ከተማ በማቱራ ቅርጾች ከሁሉ የሚያደናግረው የሂንዱ አምላክ ባላራማ ነው፤ እሱንም የእባብ ራሶች ይጋርዱታል፤ በእጁ ማረሻ መኖሩን ይፈልጉ። በእባብ ጥምዝ ላይ የተቀመጠው ቡድሃ ከሆነ፣ ከዝናብ የሚከልለው ናጋ (እባብ) ሙቻሊንዳ ነው።

በድንጋይ ጽሑፍ ላይ «ናጋ» የሚል ስም ሲያገኙ ግን ወደ አፈ ታሪክ አይቸኩሉ፤ በ4ኛው ክፍለ ዘመን የጉፕታ ንጉሥ ሳሙድራጉፕታ ድል ያደረገው ጋናፓቲናጋ ሰው የሆነ ንጉሥ ነበር።