ቤታችሁ ውስጥ የከረሜላ ክላስና የልጆች ፓርቲ አዘጋጅታችሁ ገንዘብ እንዴት ትሰራላችሁ

የምኖረው አዲስ አበባ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው፣ ሳሎናችን ጠባብ ናት፣ ግን ቅዳሜ ከ8 እስከ 10 ሰዓት ሶፋውን ወደ ግድግዳ ገፋ አርጌ ስምንት ልጅ አስቀምጬ ከረሜላ አሰራለሁ። ጎረቤቶቼ እንዴት ጀመርሽው እያሉ ስለሚጠይቁኝ የማውቀውን በሙሉ ልጻፈው።

መጀመሪያ አንድ ነገር ይግባችሁ፣ ከረሜላማ በየሱቁ ሞልቷል። ወላጅ የሚከፍላችሁ ልጁ ሁለት ሰዓት ሙሉ ከስልክ ርቆ በእጁ ሰርቶ፣ ጠቅልሎ፣ "ማሚ እኔ ነኝ የሰራሁት" እያለ ሲመጣ ለማየት ነው። ስለዚህ ልጁ ምንም ሳይነካ እናንተ ስትሰሩ ቁጭ ብሎ የሚያይበት ክላስ ሁለተኛ ሰው አያመጣላችሁም።

አሁን ዋናው ነገር። ከዩቲዩብ አይታችሁ ስኳሩን 150 ዲግሪ አድርሱ ሲሏችሁ እንዳትሰሙ! ያ ቁጥር ለባህር ዳርቻ ሰው ነው፣ እኛ ያለነው ከባህር ወለል ከ2300 ሜትር በላይ ነው፣ እዚህ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 አካባቢ ነው። እኔ ይሄን ሳላውቅ የመጀመሪያውን ክላስ ላይ ቴርሞሜትሩ 150 እስኪል ጠብቄ ስኳሩ ከልክ በላይ ደረቀብኝ፣ ልጆቹ ሊነክሱት እንኳ አልቻሉም። በጣም ነው ያዘንኩት፣ ብራቸውንም መለስኩ። ማታ ውሃ ብቻ ጥጄ ቴርሞሜትሩን ብከተው 92 ላይ ቆመ፣ ያኔ ገባኝ። እናንተም እንደዛ አርጉ፣ ውሃ አፍልታችሁ ከ100 ስንት እንደጎደለ እዩና ያንኑ ከሪሲፒው ቀንሱ፣ 150 የሚለው 142 ይሆናል ማለት ነው። ቴርሞሜትር ከሌላችሁ ደሞ ቀዝቃዛ ውሃ በብርጭቆ አስቀምጡና ከሚፈላው ስኳር ጠብ አርጉበት፣ ወዲያው ደርቆ ስትሰብሩት ቀጭ ካለ ደርሷል።

ለጀማሪ የምመክረው የለውዝና የሰሊጥ ከረሜላ ነው። ሁለት ኩባያ ስኳር፣ ግማሽ ኩባያ ውሃ፣ አንድ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ። ሎሚው ለጣዕም ብቻ አይደለም፣ ስኳሩ ተመልሶ አሸዋ እንዳይሆን ይይዘዋል። መንተክተክ ከጀመረ በኋላ አታማስሉት፣ የድስቱ ጎን ላይ የተጣበቀውን ስኳር በረጠበ ብሩሽ እያወረዳችሁ መልኩ ጠጅ ጠጅ ሲል ቀድማችሁ የቆላችሁትን ለውዝ ወይ ያመሳችሁትን ሰሊጥ ጨምሩና ዘይት በተቀባ ትሪ ላይ ዘርጉት፣ ሳይደርቅ በቢላ መስመር አስምሩለት።

ቅቤም ወተትም ስለሌለው የጾም ነው፣ ይሄን ቀላል ነገር እንዳታረጉት። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፣ ረቡዕና አርብም አለ፣ ብዙ ሰው ለልደት ሲደውል መጀመሪያ የሚጠይቀው "የጾም ነው?" ብሎ ነው። ካራሜልና ቶፊ ለፍስክ ይቆዩ። ጄላቲን ያለበትን ደግሞ እኔ ጭራሽ ትቼዋለሁ፣ ከአሳማም ከከብትም ስለሚሰራ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም እንግዳዬ ሳይጨነቅ ይብላ ብዬ ነው። ተምር ፈጭቶ በሰሊጥ ማንከባለልም አለ፣ እሳት የማይፈልግ ስለሆነ ለትናንሾቹ እሱ ይሻላል።

ስለ እሳት ከተነሳ፣ የፈላ ስኳር ከፈላ ውሃ እጅግ የባሰ ነው፣ ቆዳ ላይ ይጣበቃል። ምድጃው ጋ የምቆመው እኔ ብቻ ነኝ፣ ልጆቹ ጠረጴዛ ላይ ናቸው፣ የለውዙን ልጣጭ እያሹ እፍ ይላሉ (በጣም የሚወዱት ስራ ይሄ ነው፣ ቤቱን ሙሉ ልጣጭ ያረጉታል ግን ይሁን)፣ ሰሊጥ ይበትናሉ፣ ሲቀዘቅዝ ይሰብራሉ፣ በሴሎፎን ጠቅልለው ሪባን ያስራሉ። እኛ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ስለሆነ ሁሌ አንድ ጀሪካን ንጹህ ውሃ ሞልቼ አጠገቤ አስቀምጣለሁ፣ ማንም ቢቃጠል 20 ደቂቃ ውሃ ማፍሰስ ነው፣ የጥርስ ሳሙናም እንቁላልም አይቀባም፣ ከዛ ወደ ጤና ጣቢያ። ከአምስት ዓመት በታች ላለ ልጅ ደረቅ ከረሜላና ለውዝ አልሰጥም፣ ያንቃል። ለውዝ የማይስማማው ልጅ ካለ ደግሞ ሲመዘገቡ ጠይቁ እንጂ በር ላይ አይደለም።

ዋጋውን እንዲህ አውጡ። ስኳር፣ ለውዝ፣ ሰሊጥ፣ ዘይት፣ ሴሎፎን፣ ጋዝ፣ ሁሉንም ደምራችሁ ለልጆቹ ቁጥር አካፍሉና በሦስት አባዙት። አንዱ እጅ የዕቃው ነው፣ አንዱ የድካማችሁ፣ ሦስተኛው ለታክሲ፣ ለሚበላሸውና ለቁጠባ። እኔ መጀመሪያ የዕቃውን ብቻ እየቆጠርኩ ለካ በነጻ ነበር የምሰራው። ግማሹን ቀብድ በቴሌብር ቀድማችሁ ተቀበሉ፣ ቀብድ ያልከፈለ ሰው እመጣለሁ ብሎ ይቀራል፣ እናንተ ደግሞ ለውዙን ቆልታችሁ ጨርሳችኋል።

ደንበኛ ቦሌ ድረስ አትፈልጉ፣ ከዛ እስከ መገናኛ፣ ከመገናኛ በኮተቤ እስከዚህ ማን ልጅ ይዞ ይመጣል? ሰፈራችን ራሱ በልጅ የተሞላ ነው። የብሎካችሁ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ የልጆቹን እጅ ብቻ የሚያሳይ ፎቶ ልቀቁ፣ ፊታቸውን ወላጅ ሳይፈቅድ አታውጡ። ሐምሌና ነሐሴ ትምህርት ስለሚዘጋ ዋናው ገበያ ያኔ ነው፣ በብራይዳል ሻወርና በቤቢ ሻወርም ትልልቆቹ ይመጣሉ። ስራው ሲጸና ወረዳ ንግድ ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ ስለ ፈቃዱ ጠይቁ፣ ታች ቤት ላሉትም ጫጫታ እንደሚኖር ቀድማችሁ ንገሯቸው፣ ከከረሜላውም ላኩላቸው።

ክረምት ላይ ግን አየሩ እርጥብ ስለሆነ ከረሜላው ቶሎ ይጣበቃል፣ እንደቀዘቀዘ ወዲያው አስጠቅልሉና ክዳኑ ጥብቅ በሚል ዕቃ አርጋችሁ ስጧቸው።