ለፒ.ኢ. የምህንድስና ፈቃድ ምስክር የሚሆኑ መሐንዲሶችን እንዴት ማግኘት ይቻላል

በአሜሪካ የሚኖር ኢትዮጵያዊ መሐንዲስ የዲግሪ ማስረጃውን አስገምግሞ፣ የኤፍ.ኢ. (የምህንድስና መሠረታዊ ዕውቀት) እና የፒ.ኢ. (ፕሮፌሽናል ኢንጂነር፣ ማለትም ፈቃድ ያለው መሐንዲስ ለመሆን የሚወሰደውን) ፈተናዎች አልፎ፣ የሥራ ልምዱንም አሟልቶ ሳለ ማመልከቻው ለወራት የሚጓተተው ብዙ ጊዜ በአንድ ምክንያት ነው፤ ስለ ሥራው የሚመሰክሩለት ፈቃድ ያላቸው መሐንዲሶች በቂ አይሆኑም፣ ወይም ቢኖሩም መልስ አይሰጡም። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ይህንኑ የሪፈረንስ ጉዳይ ብቻ ነው።

ፈቃዱን የሚሰጠው የፌዴራሉ መንግሥት ሳይሆን የየስቴቱ የመሐንዲሶች ቦርድ ስለሆነ መስፈርቱ ከቦታ ቦታ ይለያያል። ፈተናዎቹን የሚያዘጋጀውና በምህጻሩ ኤን.ሲ.ኢ.ኢ.ኤስ. የሚባለው ብሔራዊ ምክር ቤት ለስቴቶች በአርአያነት ያወጣው ሕግ አምስት ምስክሮችን የሚጠይቅ ሲሆን፣ ከእነዚህ መካከል ሦስቱ የፒ.ኢ. ፈቃድ ያላቸውና የአመልካቹን የምህንድስና ሥራ በግል የሚያውቁ መሆን አለባቸው። ቴክሳስ ደግሞ ሦስት የፒ.ኢ. ምስክሮችን ትጠይቃለች። ስለዚህ ማንንም ከማነጋገርዎ በፊት የሚያመለክቱበት ስቴት ቦርድ ስንት ምስክር፣ ምን ዓይነት ፈቃድ ያለው እንደሚፈልግ ከራሱ ከቦርዱ ገጽ ያንብቡ፤ በሜሪላንድ ፈቃድ ያወጣ ጓደኛ የነገረዎት ነገር በቨርጂንያ ላይሠራ ይችላል።

ምስክርነቱ ይህን ያህል ክብደት የተሰጠው ያለ ምክንያት አይደለም። ቴክሳስ የመሐንዲሶችን ምዝገባ ሕግ ያወጣችው እ.ኤ.አ. በ1937 ኒው ለንደን በተባለች መንደር ትምህርት ቤት ውስጥ የተጠራቀመ የተፈጥሮ ጋዝ ፈንድቶ ወደ 300 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ባለቁበት በዚያው ዓመት ነው። ቦርዱ ከምስክሩ የሚፈልገው ምስጋና ሳይሆን፣ የሕዝብ ደኅንነት የሚነካ ሥራ ለዚህ ሰው ቢሰጥ ያስተማምናል ወይ ለሚለው ጥያቄ በፊርማ የተረጋገጠ መልስ ነው፤ ሐሰት የመሰከረ መሐንዲስ ደግሞ የራሱን ፈቃድ አደጋ ላይ ይጥላል። ይህን የተረዳ አመልካች፣ ሥራውን የማያውቅ ሰው ለመፈረም ሲያመነታ አይቀየምም።

አገር ቤት የለመድነው የሥራ ልምድ ደብዳቤ ከዚህ በእጅጉ ይለያል። “ለሚመለከተው ሁሉ” ብሎ የሚጀምረው፣ የሰው ኃይል አስተዳደር ክፍል ጽፎ ማኅተም የሚያሳርፍበት ደብዳቤ የቅጥሩን ጊዜ፣ የሥራ መደቡንና ደመወዙን ይገልጻል እንጂ የሠሩት ሥራ ምህንድስና መሆኑንና እንዴት እንደሠሩት አይናገርም። ቦርዱ የሚጠይቀው ግለሰቡን መሐንዲስ ነው። ቅጹም አመልካቹን ከስንት ጊዜ ጀምሮ፣ በምን ግንኙነት እንደሚያውቀው፣ ስለ ሙያ ብቃቱና ስለ ታማኝነቱ ምን እንደሚል፣ ፈቃድ እንዳይሰጠው የሚያደርግ ምክንያት ያውቅ እንደሆነ የሚጠይቅ ነው።

ከሁሉ የተሻለው ምስክር ስሌትዎን ያረመ፣ ንድፍዎን ቀይ እስክሪብቶ ይዞ ያየ የቅርብ ኃላፊ ነው። በዕለት ተዕለት ሥራ አጠገብዎ የነበረ የፒ.ኢ. ባልደረባም ጥሩ ምስክር ይሆናል። ችግሩ የሚመጣው በመሥሪያ ቤትዎ ፈቃድ ያለው መሐንዲስ አንድ ብቻ ሲሆን፣ ወይም ለሥራ ተቋራጭ ተቀጥረው ኃላፊዎችዎ ፈቃድ የሌላቸው ሲሆኑ ነው። እንዲህ ሲሆን ከድርጅቱ ውጭ መመልከት ያስፈልጋል። የፕሮጀክቱን ባለቤት ወክሎ ንድፍዎን የገመገመ መሐንዲስ፣ በጋራ ፕሮጀክት ላይ አብሮዎት የሠራ የሌላ ድርጅት የአፈር ወይም የስትራክቸር መሐንዲስ፣ የካውንቲው ወይም የስቴቱ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ገምጋሚ፣ እነዚህ ሁሉ ሥራዎን በትክክል የሚያውቁ ከሆነ ምስክር መሆን ይችላሉ። የሰውየው ፈቃድ የጸና መሆኑን በቦርዱ የፍለጋ ገጽ ላይ ስሙን አስገብተው ማየት ይቻላል፤ ጡረታ የወጣ ኃላፊ ፈቃዱን ሳያድስ ቀርቶ ሊሆን ስለሚችል ይህን ሳያጣሩ ስሙን አይሙሉ።

በማኅበረሰባችን ውስጥ የሚያጋጥም አንድ ፈተና አለ። በቤተ ክርስቲያን ወይም በዕድር የምናውቀው፣ ፒ.ኢ. ያለው፣ ሰው በመርዳት የታወቀ አንድ ታላቅ አይጠፋም፤ “ጋሼ፣ ይፈርሙልኝ” ማለትም ይቀላል። ነገር ግን ጋሼ ጸባይዎን እንጂ ሥራዎን አላዩም፤ ቅጹ የሚጠይቀውም ስላዩት ሥራ ነው። የፒ.ኢ. ፈቃድ በማይጠየቅበት ቀሪ የምስክር ቦታ ላይ የሚያውቅዎት የሙያ ሰው ሊገባ ቢችልም፣ የሥጋ ዘመድ ግን በየትኛውም ቦታ ባይኖር ይመረጣል። ጋሼን ሊጠይቋቸው የሚገባው ነገር ሌላ ነው፦ የልምድ ገለጻዎን፣ ማለትም የሠሩትን ሥራ ለቦርዱ የሚዘረዝሩበትን ጽሑፍ፣ ከማስገባትዎ በፊት እንዲያነቡልዎት፣ የቦርዱን ልማድ እንዲነግሩዎት። ይህ እርዳታ ከፊርማቸው የበለጠ ሊጠቅም ይችላል።

መጠየቅ ያለበት ቀደም ብሎ ነው። አንዳንዱ ሰው ይሉኝታ ይዞት እስከ ማመልከቻው ሳምንት ድረስ ሳይናገር ይቆያል፤ በዚህ መካከል ኃላፊው ሌላ ድርጅት ይገባል፣ ኢሜይሉ ይዘጋል። ከአንድ ሥራ ወደ ሌላ ሲዛወሩ ከመልቀቅዎ በፊት ኃላፊዎን በአካል አነጋግረው፣ ወደፊት ለፈቃድ ሲያመለክቱ ሊመሰክሩልዎት ፈቃደኛ መሆናቸውን ጠይቀው፣ የግል ኢሜይላቸውንና የፈቃድ ቁጥራቸውን ይያዙ። ሲጠይቁም ሰውየው ሳይሸማቀቅ “አልችልም” የሚልበት በር ይተዉ፤ “ሥራዬን በሚገባ እንዳዩት ካመኑ” የምትለው ሐረግ ለዚህ ትበቃለች። ግማሽ ልብ ያለው ምስክር ከሚጽፍልዎት ባይጽፍልዎት ይሻላል።

አብዛኛው ድካም መዋል ያለበት በልምድ ገለጻው ላይ ነው፤ ምስክሩ የሚያስታውሰውም የሚያረጋግጠውም ይህንኑ ነውና። ቦርዶች ከዓመት ወደ ዓመት ኃላፊነቱ እያደገ የሄደ የምህንድስና ሥራ ማየት ይፈልጋሉ። “በድልድይ ፕሮጀክት ላይ ተሳትፌያለሁ” የሚል ዓረፍተ ነገር ምንም አያሳይም። “የድጋፍ ግንብ ንድፍ ሠራሁ፤ የአፈሩን የጎን ግፊት አሰላሁ፣ ግንቡ እንዳይገለበጥና እንዳይንሸራተት የሚያስፈልገውን የደኅንነት ልክ አረጋገጥሁ፣ የመሠረቱን አፈር የመሸከም አቅም ከአፈር ምርመራው ሪፖርት ጋር አመሳክሬ የመሠረቱን ስፋት ወሰንሁ” የሚለው ግን የእርስዎን ውሳኔና ዕውቀት ያሳያል። “ሠራን” ሳይሆን “ሠራሁ” ይበሉ፤ በእኛ ዘንድ “እኔ” ማለት ትዕቢት መስሎ ቢታይም ቦርዱ የሚመዝነው ቡድኑን ሳይሆን እርስዎን ነው። የግንባታ ቦታ ክትትል፣ በሶፍትዌር ንድፍ መሣል ብቻና የሽያጭ ሥራ እንደ ምህንድስና ልምድ ላይቆጠሩ ስለሚችሉ፣ በቦታው ላይ የወሰኑትን ቴክኒካዊ ነገር ለይተው ይጻፉ። ገለጻውን ጨርሰው ለምስክሩ ከአጭር የሥራ ታሪክና አብራችሁ ከሠራችኋቸው ፕሮጀክቶች ዝርዝር ጋር ይላኩለት፤ ያልተስማማበት ካለ ከማስገባትዎ በፊት ያርሙት።

አንዳንድ ኃላፊ “አንተ ጻፈው፣ እኔ እፈርማለሁ” ይላል። የፕሮጀክት ስም፣ ቀንና የሥራ ድርሻ የያዘ ማስታወሻ ማዘጋጀት ተገቢ ነው፤ ለእርሱ የተላከውን የኢንተርኔት ቅጽ በእርሱ ምትክ ገብቶ መሙላት ግን ማጭበርበር ነው።

በኢትዮጵያ የተገኘ ልምድ ለብቻው ትኩረት ይፈልጋል። እዚያ የነበሩ ኃላፊዎ የአሜሪካ ፈቃድ ስለሌላቸው ከፒ.ኢ. ምስክሮቹ አንዱ ሆነው ላይቆጠሩ ይችላሉ፤ ሆኖም ቦርዱ የውጭ ልምድን የሚቀበል ከሆነ የሥራ ዘመኑን የሚያረጋግጡት እርሳቸው ይሆናሉ። የቅጥር ደብዳቤው ከጠፋ፣ በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 12 መሠረት አሠሪ ሠራተኛው ሲጠይቅ የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን የሚገልጽ ምስክር ወረቀት ያለ ክፍያ የመስጠት ግዴታ አለበት። ደብዳቤው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከተጻፈ ቀኑን በጥንቃቄ ይለውጡ፤ መስከረም 1 ቀን 2007 ዓ.ም. ማለት ሴፕቴምበር 11 ቀን 2014 ነው፣ በግምት ሰባት ዓመት መደመር ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 21 ገደማ ላሉት ቀናት ትክክል ሲሆን ከዚያ በኋላ ላሉት ግን አንድ ዓመት ያጎድላል። የስምዎ አጻጻፍም በፓስፖርትዎ፣ በዲግሪዎና በደብዳቤው ላይ የተለያየ ከሆነ፣ ወይም በአንዱ ላይ የአያት ስም ቀርቶ ከሆነ፣ ቦርዱ ሳይጠይቅዎት አስቀድመው በጽሑፍ ያስረዱ።

ቅጹ ከቦርዱ ወይም ከኤን.ሲ.ኢ.ኢ.ኤስ. በቀጥታ ወደ ምስክሩ ኢሜይል በሚላክበት ጊዜ መልእክቱ ከማይፈለጉ መልእክቶች ጋር ተቀላቅሎ መቅረቱ የተለመደ ነው። ስለዚህ ጥያቄው በተላከ ዕለት ለምስክሩ ይደውሉ ወይም ይጻፉ፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ በአክብሮት ማስታወስም ነውር አይደለም። ከተጠየቀው ቁጥር በላይ አንድ ሁለት ተጨማሪ ሰው አስቀድመው ካስፈቀዱ፣ አንዱ ዝም ቢል በሌላው ይተኩታል።

በዋሽንግተን አካባቢ የሚሠራ መሐንዲስ ብዙ ጊዜ የዲ.ሲ.፣ የሜሪላንድና የቨርጂንያ ፈቃድ ሦስቱም ያስፈልጉታል። ኤን.ሲ.ኢ.ኢ.ኤስ. ትራንስክሪፕቱን፣ የሥራ ልምዱንና ምስክርነቱን በአንድ ፋይል አስቀምጦ አመልካቹ ሲጠይቅ ወደ ቦርዶች የሚልክበት አገልግሎት አለው፤ መጀመሪያውኑ በዚህ በኩል ካስገቡ ያንኑ ኃላፊ ለእያንዳንዱ ስቴት ዳግም ከማስቸገር ይድናሉ። ምስክርነቱ ከቆየ ግን እንዲታደስ ሊጠየቅ ስለሚችል፣ ፈቃዱን ባገኙ ዕለት ለመሰከሩልዎት ሁሉ ውጤቱን ነግረው ያመስግኑ፤ አድራሻቸው ሲለወጥም መዝገብዎን ያስተካክሉ።