ሒሳብ ልምምድ ላይ የሚታዩ ችግሮች፦ ምልክቱ፣ መንስኤው፣ መፍትሄው

ሐዋሳ ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ማታ ማታ ሒሳብ ሳስጠና ከወላጆች በብዛት የምሰማው ቅሬታ «ልጄ ሒሳብ አይገባውም» የሚል ነው። የልጁን ደብተር ገልጬ ስመለከት ግን አብዛኛውን ጊዜ የማገኘው ሁሉም ነገር ያልገባውን ተማሪ ሳይሆን፣ አንድ ወይም ሁለት ስህተቶችን በየገጹ እየደጋገመ የሚሠራን ተማሪ ነው። እንዲህ ላለው ልጅ «ሃያ ጥያቄ ጨምረህ ሥራ» ማለት ስህተቱን ሃያ ጊዜ እንዲለማመደው ማድረግ ስለሆነ፣ ከሁሉ አስቀድሞ መፈለግ ያለበት ሥራው የተበላሸበት የመጀመሪያው መስመር ነው። በሚከተሉት ምሳሌዎች ያልታወቀውን ቁጥር «ሀ» እያልሁ እጽፈዋለሁ።

እኩልዮሹ ቀላል ሆኖ ሳለ መልሱ ይሳሳታል

ተማሪው ሀ + 3 = 12 የሚለውን በትክክል ሠርቶ 9 ያገኛል፤ ወዲያው ቀጥሎ 3ሀ = 12 ሲሰጠው ደግሞ 12 − 3 ብሎ አሁንም 9 ይጽፋል። መንስኤው ስንፍና አይደለም። ከታች ክፍል ጀምሮ «ቁጥር ወደ ማዶ ሲሻገር ምልክቱ ይለወጣል» የሚል አባባል በቃሉ ይዟል፤ አባባሉ የተደመረና የተቀነሰ ነገር ላይ ስለሚሠራለት፣ በተባዛ ነገር ላይም ያለ ጥርጥር ያውለዋል። በእኔ ግምት በአልጀብራ ከምናያቸው ስህተቶች ብዙዎቹን የወለደው ይህ አባባል ነው፤ እኔም ራሴ ለዓመታት አስተምሬበታለሁ።

መፍትሄው ማሻገር የሚለውን ቃል ለጊዜው ከደብተሩ ማውጣት ነው። እኩልዮሽ ማለት ገበያ ላይ የምናየው ባለ ሁለት ሳህን ሚዛን ነው፤ ከአንዱ ሳህን ያነሳነውን ያህል ከሌላውም ካላነሳን ሚዛኑ ያጋድላል። ስለዚህ ተማሪው ለሁለት ሳምንት ያህል በእያንዳንዱ መስመር ሥር በሁለቱም ወገን ምን እንዳደረገ ይጻፍ፤ «ሁለቱንም ወገን ለ3 አካፈልሁ፣ ሀ = 4» እንደ ማለት ነው። ከዚያም 4ን መልሶ ተክቶ 3 × 4 በእርግጥ 12 መሆኑን ያረጋግጥ። አልጀብራ የሚለው ስም ራሱ በ9ኛው ክፍለ ዘመን ባግዳድ ውስጥ የሠራው አል ኽዋሪዝሚ ከተጠቀመበት «አል ጀብር» ከሚል የዓረብኛ ቃል የመጣ ነው፤ ቃሉ የሚያመለክተውም ከአንድ ወገን የተቀነሰውን በሁለቱም ወገን በመደመር መልሶ መሙላትን ነበር። ማሻገር የሚባል ነገር መጀመሪያውኑ አልነበረም።

ከዚሁ ጋር የሚዛመድ፣ ጎበዝ ተማሪዎችን ጭምር የሚጥል ሌላ ስህተት አለ። ሀ² = 5ሀ ሲሰጣቸው ሁለቱንም ወገን ለሀ አካፍለው ሀ = 5 ይላሉ፤ ዜሮም ትክክለኛ መልስ ነበር፣ ግን ሀ ዜሮ ሊሆን እንደሚችል ሳያስቡ በእሱ ስላካፈሉ ጠፋቸው። ሁሉንም ወደ አንድ ወገን ሰብስቦ ሀ(ሀ − 5) = 0 ብሎ መጻፍ ሁለቱንም መልሶች ያወጣቸዋል።

ካልኩሌተሩ የማይሆን መልስ ይሰጣል

አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ሀ² − 5ሀ + 6 = 0 የሚለውን በቀመር ስትሠራ አጠገቧ ተቀምጬ ነበር። ቀመሩን አሳምራ ጻፈች፤ ከስኩዌር ሩቱ ሥር የሚገባውን ለማስላት ግን ካልኩሌተሯ ላይ የቀነሰ ምልክት፣ 5፣ ከዚያም የካሬውን ቁልፍ ተጫነች፤ መሣሪያው −25 አላት። ከእሱ ላይ በቀመሩ መሠረት 4 × 1 × 6፣ ማለትም 24 ቀንሳ −49 አገኘችና «እውን መልስ የለውም» ብላ ደመደመች። እኩልዮሹ ግን 2 እና 3 የሚባሉ ሁለት ጥሩ መልሶች አሉት።

ካልኩሌተሩ አልተሳሳተም። በአብዛኞቹ ካልኩሌተሮች ላይ ያለ ቅንፍ የገባ −5² የሚነበበው «የ5 ካሬ፣ ከዚያ ምልክቱ ይለወጥ» ተብሎ ነው። ስለዚህ ኔጌቲቭ ቁጥር ሁልጊዜ በቅንፍ ይግባ፤ (−5)² ሲባል 25 ይመጣል፣ 25 − 24 ደግሞ 1 ነው። ከቅንፉ በላይ የሚጠቅመው ግን ተማሪው ቁልፍ ከመጫኑ በፊት «የማንኛውም እውን ቁጥር ካሬ ኔጌቲቭ ሊሆን አይችልም» ብሎ የሚመጣውን መጠበቅ መልመዱ ነው፤ −25ን ያየች ጊዜ ልትደነግጥ ይገባት ነበር።

የ30 ዲግሪ ሳይን 0.5 መሆን ሲገባው −0.988 ከመጣ፣ ካልኩሌተሩ ማዕዘኑን በራዲያን እየቆጠረው ነው፤ 0.454 ከመጣ ደግሞ ግራዲያን ላይ ነው። ወደ ዲግሪ መልሶ መሞከር በቂ ነው። ከፈተና በፊት የ30ን ሳይን አንድ ጊዜ መጫን አምስት ሰኮንድ አይወስድም።

ጂኦሜትሪ ላይ ዓይኑን ያምናል

ምልክቱ ባለ 90 ዲግሪ ማዕዘን ጎነ ሦስት ላይ ብቻ የሚሠራውን የፓይታጎረስን ቀመር ባገኘው ጎነ ሦስት ሁሉ ላይ ማዋል ነው። ሲጠየቅ «ሥዕሉ ላይ 90 ዲግሪ ይመስላል» ይላል። መጻሕፍት ላይ የሚታዩት ሥዕሎች አብዛኛውን ጊዜ ቀጥ ብለውና ተስተካክለው ስለሚሣሉ፣ ዓይን የተሰጠውን መረጃና የሚመስለውን ነገር መለየት ያቆማል። ተማሪው ሥዕሉን ሆን ብሎ አጣምሞ እንደገና ይሣለው፤ በጥያቄው የተነገረውን ብቻ ምልክት ያድርግበት፤ በእያንዳንዱ እርምጃ አጠገብም ምክንያቱን በአጭሩ ይጻፍ። ምክንያት ያልተገኘለት እርምጃ ካለ የተወሰደው ከሥዕሉ እንጂ ከጥያቄው አይደለም።

ሁለተኛው ምልክት የጎን ርዝመት እጥፍ ሲሆን ስፋቱንም እጥፍ ማድረግ ነው። 10 ሜትር በ20 ሜትር የሆነ ቦታ 200 ካሬ ነው፤ ሁለቱም ጎኖች እጥፍ ሲሆኑ 20 በ40፣ ማለትም 800 ካሬ ይሆናል። የቦታ ካሬ በየቤቱ የሚወራበት ከተማ ውስጥ ይህን ከቀመር ይልቅ በመሬት ምሳሌ ማስረዳት ይቀላል።

ተመሳሳይ ጎነ ሦስቶችን በወረቀት ብቻ መለማመድ አሰልቺ ስለሚሆን፣ አልፎ አልፎ ተማሪዎቼን ዘንባባ ወዳለበት የመንገድ ዳር እወስዳቸዋለሁ። 2 ሜትር የሆነ ዘንግ ቀጥ አድርገን አቁመን ጥላውን እንለካለን፤ ወዲያውኑ የዘንባባውን ጥላ እንለካለን። የዘንጉ ጥላ 2.5 ሜትር፣ የዛፉ ደግሞ 10 ሜትር ከሆነ፣ የዛፉ ቁመት 10 × 2 ÷ 2.5፣ ማለትም 8 ሜትር ነው። ልኬቱ የሚበላሸው በሁለት ምክንያት ነው፤ አንደኛው ሁለቱ ጥላዎች በተለያየ ሰዓት ሲለኩ ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ እኩለ ቀን ላይ ሲለካ ነው። ሐዋሳ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 7 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ በመጋቢት መጨረሻና በነሐሴ መጨረሻ አካባቢ ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ በአናት ትቆማለች፤ ጥላው ሊጠፋ ትንሽ ሲቀረው የአንድ ጣት ስህተት ዛፉን በብዙ ሜትር ያስረዝመዋል። ጠዋት 3 ሰዓት ወይም ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ይሻላል።

ፐርሰንትና ወለድ ላይ ቁጥሩ አይገጥምም

ደረሰኝ ላይ ተጨማሪ እሴት ታክስን ጨምሮ 1,150 ብር ተጽፎ፣ ታክሱ 15 በመቶ ከሆነ የዕቃው ዋጋ ስንት ነበር? ከአሥር ተማሪ ስምንቱ ከ1,150 ላይ 15 በመቶ ይቀንሱና 977.50 ይላሉ። ይህ ዋጋ ላይ መልሰው 15 በመቶ ቢጨምሩ ግን 1,124 ብር ከጥቂት ሳንቲም እንጂ 1,150 አይመጣም። መንስኤው «15 በመቶ» ከሚለው ቃል በኋላ «ከምን ላይ?» የሚለው ጥያቄ አለመጠየቁ ነው፤ ታክሱ የተሰላው ከመጀመሪያው ዋጋ ላይ እንጂ ከድምሩ ላይ አይደለም። 1,150ን ለ1.15 ማካፈል 1,000 ይሰጣል። ተማሪው ለአንድ ወር ያህል እያንዳንዱን ፐርሰንት ከመንካቱ በፊት «ከምን ላይ» የሚሉትን ሁለት ቃላት ጽፎ አጠገባቸው ቁጥሩን ያስቀምጥ። 500 ብር 20 በመቶ ጨምሮ፣ ከዚያም 20 በመቶ ሲቀንስ ለምን 480 እንደሚሆን ያን ጊዜ ማንም ሳይነግረው ይገባዋል።

ወለድ ላይ የሚታየው ምልክት ደግሞ የሚያስቅ ነው። 10,000 ብር በዓመት 7 በመቶ እየታሰበ፣ ወለዱ በየወሩ እየተደመረ ለ3 ዓመት ቢቀመጥ ስንት ይሆናል ሲባል አንድ ልጅ ከ114,000 ብር በላይ አገኘ። እንዲህ ያለ ባንክ ቢኖር ኖሮ ሰልፉ ሻሸመኔ በደረሰ! ልጁ ያደረገው 36 ወሮችን በትክክል ቆጥሮ የዓመቱን 7 በመቶ በየወሩ መክፈል ነው። የወለዱ መጠንና የጊዜው አቆጣጠር አንድ ዓይነት መሆን አለባቸው፤ ወር ከተቆጠረ 0.07 ለ12 ይካፈላል፤ ውጤቱም ወደ 12,329 ብር ይመጣል። ወለዱ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ቢደመር 12,250 ብር ከ43 ሳንቲም፣ ነጠላ ወለድ ቢሆን ደግሞ 12,100 ብር ነው። ሦስቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን አስቀምጦ ልዩነታቸው ከየት እንደመጣ መናገር የሚችል ተማሪ ምዕራፉን ጨርሷል ማለት ይቻላል። ለግምት 72ን ለወለዱ መጠን ማካፈል ይጠቅማል፤ 72 ለ7 ሲካፈል ከ10 ትንሽ ስለሚበልጥ ገንዘቡ እጥፍ ለመሆን 10 ዓመት ገደማ ይፈልጋል፤ በ3 ዓመት አሥራ አንድ እጥፍ ሊሆን አይችልም።

ስሌቱን ይችላል፣ የቃላት ጥያቄ ሲመጣ ይቆማል

ሁለተኛ ደረጃ ላይ ሒሳቡ የሚቀርበው በእንግሊዝኛ ነው፤ ልጆቻችን ደግሞ ቤት ውስጥ የሚያስቡት በአማርኛ፣ በሲዳምኛ ወይም በሌላ ቋንቋ ነው። «ፋይቭ ለስ ዛን ኤ ነምበር» የሚለውን ከግራ ወደ ቀኝ እንደ ቃሉ ቅደም ተከተል ሲጽፉት 5 − ሀ ይሆንባቸዋል። «ከአንድ ቁጥር ላይ 5 ሲቀነስ» ብለው በአማርኛ ሲያነቡት ግን ቅደም ተከተሉ ራሱ ሀ − 5 ብሎ ይመራቸዋል። «አት ሊስት»ም እንዲሁ የማነስ ምልክት ያስጽፋቸዋል፤ «ቢያንስ 50 ብር አለኝ» የሚል ሰው 50 ወይም ከዚያ በላይ እንዳለው ግን ማንም አይስትም። ስለዚህ ጥያቄውን በራስ ቋንቋ ለሌላ ሰው እንደሚነግሩ ሆኖ መናገር፣ ከዚያ ወደ ምልክት መቀየር፤ ስሌቱ ከዚያ በኋላ ይምጣ።

ቤት ይሠራል፣ ፈተና ላይ ይጠፋዋል

መልመጃው ሁሉ ከአንድ ምዕራፍ ሲሆን የምዕራፉ ርዕስ ዘዴውን አስቀድሞ ይነግረዋል፤ ፈተና ግን ርዕስ የለውም። ከተለያዩ ምዕራፎች የተወሰዱ ጥያቄዎችን በወረቀት ቁራጭ ላይ ጽፎ ባዶ የወተት ቆርቆሮ ውስጥ መጨመርና እንደ ዕጣ እያወጡ መሥራት ይህን ያክማል። የተሳሳተውን ጥያቄ ለብቻ በተለየ ደብተር ላይ፣ የተሳሳተውን የመጀመሪያ መስመር በቀይ አድርጎ ማስፈርና ከ3 ቀን በኋላ፣ እንደገናም ከ2 ሳምንት በኋላ መልሱን ሳያዩ መሥራት ያስፈልጋል።

ምንም ቢለማመድ አይሻሻልም

በዚህ ጊዜ ግማሽና ሲሶን እንዲደምር ይጠየቅ። አምስት ስድስተኛ በማለት ፈንታ ሁለት አምስተኛ ካለ፣ ችግሩ 10ኛ ክፍል አልጀብራ ላይ ስላልሆነ እዚያ ላይ ጊዜ ማጥፋት አይገባም፤ ወደ ክፍልፋይ መመለስ ይኖርበታል፤ በቀን ግማሽ ሰዓት ከተሠራ ብዙውን ጊዜ ከሁለት ወይም ከሦስት ሳምንት አይበልጥም። ከሥራው ይልቅ የሚከብደው ሀፍረቱ ነው። አንድ ተማሪዬ የታናሽ እህቱን የ6ኛ ክፍል መጽሐፍ በጋዜጣ ለብጦ፣ ላዩ ላይ «ፊዚክስ» ብሎ ጽፎ ይዞት ይመጣ ነበር፤ እኔም አንድም ቀን ስለ ልባሱ አልጠየቅሁትም።