ነጩ ነገር ፎረፎር ነው ወይስ ጄል?

ደብረ ብርሃን ብርዱ ደረቅ ነው። ለብርዱ ብለን በሚያቃጥል ውኃ እንታጠባለን፤ የራስ ቆዳ ይብሱን ይደርቃል። ከዚያ ነጠላችን ላይ ነጭ ነገር ሲራገፍ «ፎረፎር ያዘኝ» ብለን ቅቤ እንለጥፋለን። እኔም ዓመታት እንዲሁ አድርጌያለሁ።

ነጭ ነገር ይራገፋል
መጀመሪያ ጣታችሁ ላይ አድርጉት። ጠብታ ውኃ ጨምራችሁ እሹት። ሟምቶ ከተጣበቀ የጄል ትራፊ ነው። ጄል ሲበዛ ወይም በቅቤ ላይ ሲደረብ ደርቆ ይፈረፈራል። ታጠቡና ከሁለቱ አንዱን ብቻ ተጠቀሙ፤ ጄሉንም ፀጉሩ እርጥብ እያለ በትንሹ ቀቡ።

የማይሟሟ፣ ደቃቅና ደረቅ ከሆነ ቆዳው ነው የደረቀው። ለብ ያለ ውኃና አልኮል የሌለበት ጄል ይበቃዋል።

ቢጫ ቢጤ፣ ቅባታምና የሚያሳክክ ከሆነ ግን ዋናው ፎረፎር መጥቷል። ከእርሾ ወገን የሆነ ፈንገስ አለበት፤ ይህ ፈንገስ ደግሞ ቅባት ይወዳል። ቅቤ ስትጨምሩ እየቀለባችሁት ነው (እናቴ ይህን እንዳታነብ)። ከፋርማሲ 2 በመቶ ኬቶኮናዞል ያለበት ሻምፖ ግዙ። ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ራሳችሁ ላይ አቆይታችሁ ታጠቡት። በሳምንት 2 ጊዜ፣ ከ2 እስከ 4 ሳምንት።

ያቃጥላል፣ ይቀላል
በአንድ ሠርግ ዋዜማ ፀጉር ቤት ገባሁ። ማለስለሻው ሲለበልበኝ «ትንሽ ነው፣ ቻይው» ተባልኩ። ቻልኩት። በነጋታው ግንባሬ ላይ ቅርፊት ይዤ ሚዜ ሆንኩ። ማቃጠሉ ማለስለሻው «እየሠራ» መሆኑን አያሳይም፤ ቆዳ እየተጎዳ ነው። ወዲያው በብዙ ውኃ አስለቅቁ። ያከካችሁት ወይም የቆሰለ ራስ ላይ ደግሞ ጭራሽ አታስነኩ።

ጄልና ቅባት የሚያሳክካችሁ ከሆነ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ሽቶው ነው፤ ሽታ የሌለውን ምረጡ። በጥቁር የፀጉር ቀለም ደግሞ ፒፒዲ የሚባለው ንጥረ ነገር ነው። አዲስ ቀለም ከመቀባታችሁ በፊት ከጆሮ ጀርባ ትንሽ ሞክራችሁ 48 ሰዓት ጠብቁ። ፊት ካሳበጠ ወይም ትንፋሽ ካሳጠረ በቀጥታ ወደ ሐኪም።

ግንባር ላይ ብጉር
ደብረ ብርሃን ላይ የረጋው ቅቤ ጣርማ በርን ወርዶ ሸዋሮቢት ሲደርስ ግንባር ላይ ይፈስሳል። ለቆላው ቀለል ያለ፣ በውኃ የሚለቅ ጄል ይሻላል። ብጉሩ በፀጉሩ ዳር ብቻ ከሆነና ፀጉሩም ከሳሳ ግን ሹሩባው ጠብቋል። ምንም ቅባት አያድነውም፤ ፍቱት።

ልጅ ራስ ላይ ክብ መላጣ
ፀጉሩ ከተሰባበረና ቆዳው ቅርፊት ካወጣ ቆረቆር ሳይሆን አይቀርም። የሚዋጥ መድኃኒት ስለሚያስፈልገው ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ማበጠሪያውንም ከሌሎቹ ልጆች ለዩት።