መጋረጃው ከነብረቱ ሲወድቅ፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

መጋረጃ የወደቀበት ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚከሰው ጨርቁን ነው። «ከብዶት ነው» ይላል። ለዓመታት የዘመድና የጎረቤት መጋረጃ ስሰቅልና ስጠግን ኖሬአለሁ፤ በደንብ ከተሰራ ቀዳዳ ላይ በጨርቁ ክብደት ብቻ የወደቀ ግን አላጋጠመኝም። ጥፋቱ ያለው ግድግዳው ውስጥ፣ ዓይን በማያየው ቦታ ነው። ስለዚህ ብዙውን ቃል ለቀዳዳው እሰጣለሁ፣ ሌላውን ቶሎ ቶሎ አልፈዋለሁ። ሜትርና ውሃ ልክ መያዝ፣ ድሪል መጠቀም እንደምታውቁ ቆጥሬ ነው የምጽፈው።

ምልክት፦ የብረቱ መያዣ ተነቅሏል፣ ብሎኑ ከነፊሸሩ ወጥቷል

ፊሸር የምለው አምራቹ ማንም ይሁን ማን፣ ብሎኑን ግድግዳ ውስጥ የሚያቅፈውን ፕላስቲክ ነው። የወለሉን አቧራ ከመጥረጋችሁ በፊት ይህን ፕላስቲክ ፈልጋችሁ አንሱት። ምስክሩ እሱ ነው።

ፊሸሩ ከጫፍ እስከ ጫፍ በለስላሳ ነጭ ዱቄት ከተሸፈነ፣ ቀዳዳውም ጥልቀት ከሌለው፣ የያዘው ልስኑን ብቻ ነበር ማለት ነው። ፊሸሩ ምንም ሳይከፈት እንደ አዲስ ከወጣ ብሎኑ ቀጥኗል ወይም አጥሯል። ጎኑ ተፍቆ አንገቱ ከተጠማዘዘ ቀዳዳው ሰፍቶ ፊሸሩ ከብሎኑ ጋር አብሮ ሲሽከረከር ኖሯል። ቀዳዳው ውስጥ ቀጭን ሽቦ ስትከቱ የሚያቆመው ነገር ካጣ ደግሞ ብሎኬቱ ባዶ ነው።

ከአራቱ ደጋግሜ የማየው የመጀመሪያውን ነው። ልስን ብዙውን ጊዜ ከ1.5 እስከ 2.5 ሴንቲ ሜትር ይወፍራል። ከመጋረጃ ብረት ጋር በአንድ ላይ ታሽጎ የሚሸጠው ፊሸር ደግሞ ርዝመቱ ብዙ ጊዜ ከ3 ሴንቲ ሜትር አይበልጥም። እንግዲህ ሂሳቡን ስሩት፤ ፕላስቲኩ ጠንካራውን ግድግዳ የሚነካው በጫፉ ብቻ ነው። ያን ፊሸር ከነብሎኑ ጣሉት። ብረቱን በደንብ ሰርቶ፣ ጫፉን አስጊጦ፣ ሸክሙን ሁሉ የሚይዘውን ትንሽ ዕቃ ግን እንዲህ አቅልሎ ማቅረብ በሰው ጭንቅላት ላይ መፍረድ ነው።

ትንሽ የሚመስል ክብደት ለምን እንደሚነቅል ላስረዳ። መያዣው ከግድግዳው 10 ሴንቲ ሜትር ወደ ፊት ወጥቷል፣ ጫፉ ላይም 4 ኪሎ ግራም ተንጠልጥሏል እንበል። የላይኛው ብሎን ከመያዣው የታችኛው ጠርዝ 4 ሴንቲ ሜትር ቢርቅ፣ ያን ብሎን ወደ ውጭ የሚስበው ጉልበት 10 ኪሎ ግራም ያህል ይሆናል። ይህ መጋረጃው ሳይነካ ዝም ብሎ ተንጠልጥሎ እያለ ነው። አሁን አንድ ሰው ጠዋት ተነስቶ ጨርቁን በኃይል ወደ ጎን ይጎትተዋል፤ ማታም ይደግመዋል። ልስኑ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እየተፈረፈረ ይሄድና አንድ ቀን ሁሉም አብሮ ይወርዳል። «እስከ ትናንት ደህና ነበር» የሚለው ቃል የሚመጣው ከዚህ ነው። ደህና አልነበረም፤ ሲፈርስ የቆየ ነው።

መፍትሄው ይህ ነው። ርዝመቱ ከ4 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር የሆነ ፊሸር ያዙ፣ ከተቻለ የ8 ሚሊ ሜትሩን። የድሪሉ ፑንታ ውፍረት ከፊሸሩ ቁጥር ጋር እኩል ይሁን፤ ለ8 ፊሸር 8 ፑንታ ነው እንጂ «ቶሎ እንዲገባ» ተብሎ 10 አይደረግም። ቀዳዳውን ከፊሸሩ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል አጥልቁት፣ ምክንያቱም አቧራው ጫፉ ላይ ይከማቻል። ጥልቀቱን እንዳትስቱ ፑንታው ላይ ቁራጭ ፕላስተር ጠቅልሉ። ከዚያ አቧራውን አውጡ። ይህን የሚያደርግ ሰው ማየት ብርቅ ሆኖብኛል! ቀዳዳ ውስጥ የቀረ አቧራ ፊሸሩ ግድግዳውን እንዳይነክስ የሚያደርግ ዱቄት ነው። በትንሽ የአየር ፓምፕ ንፉት፤ በአፍ አትንፉ፣ ዓይናችሁ ውስጥ ይመለሳል። ፊሸሩ በመዶሻ ቀስ ተብሎ ሲመታ ጠበቅ ብሎ መግባት አለበት። በጣት ብቻ ገፍታችሁት ከገባ ቀዳዳው ሰፍቷልና እዚያው አቁሙ። ብሎኑም ለ8 ፊሸር 5 ሚሊ ሜትር ያህል ይወፍር፣ ርዝመቱም የፊሸሩን ርዝመትና የመያዣውን ውፍረት ደምሮ ትንሽ ይለፍ።

አንድ ቤት ውስጥ ያው መያዣ ሦስት ጊዜ ወድቆ ነበር። በየጊዜው የጠገነው ሰው ያንኑ ቀዳዳ እያሰፋ ሄዶ እኔ ስደርስ አውራ ጣቴ ይገባበታል። ውስጡ የክብሪት እንጨት፣ የታጠፈ ወረቀትና የደረቀ ሳሙና ተጠቅጥቋል። እባካችሁ ይህን አታድርጉ። እንጨት ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ወረቀት ይላላል፣ ሳሙና ጭራሽ ያንሸራትታል። የሰፋ ቀዳዳ መዳኛው ሁለት ነው፤ አንድም አጽድቶ ሞልቶ መዝጋትና መያዣውን 5 ወይም 6 ሴንቲ ሜትር አሽሽቶ አዲስ መብሳት፣ አንድም ንጹሑን ቀዳዳ ለአንድ ቁጥር ከፍ ላለ ፊሸር ማስተካከል። ሁለተኛው መንገድ የሚሰራው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። በዚያ ቤት መያዣውን አሽሽቼ ሰቀልኩት፤ እስካሁን አልተነቃነቀም።

ብሎኬቱ ባዶ ከሆነ የድሪሉን የመምታት ኃይል አጥፉና በመሽከርከር ብቻ ብሱ። እየመታ ከገባ የብሎኬቱን ቀጭን ገጽ ከጀርባው ይሰብረዋል፤ ከፊት ቀዳዳው ያምራል፣ ከኋላ ግን የያዘ ነገር የለም። ለእንዲህ ያለው ግድግዳ ብሎኑ ሲጠብቅ ከኋላ ተጠቅልሎ የሚቋጠር ረጅም ፊሸር ወይም በስፕሪንግ የሚከፈት ክንፍ ያለው ብሎን ያስፈልጋል። ጂፕሰም ሰሌዳ ላይ ከሆነም እንዲሁ፤ ከባድ መጋረጃ ግን ከሰሌዳው ጀርባ ያለውን አጥንት፣ ማለትም ሰሌዳው የተመታበትን ቋሚ፣ ፈልጋችሁ እዚያ ላይ እሰሩ።

ከመስኮት በላይ ብዙ ጊዜ አርማታ ያልፋል። ፑንታው 2 ሴንቲ ሜትር ገብቶ እምቢ ይላል፣ ሰውየው ይደክመዋል፣ ከዚያ ፊሸሩን በቢላዋ ቆርጦ ያሳጥረዋል። ተቆርጦ የገባ ፊሸር ስንት እንደነቀልኩ አልቆጥርም፤ እያንዳንዱ ግን ያናድደኛል። ለአርማታ የሚመታ ድሪልና ያልደነዘዘ የግንብ ፑንታ ያዙ፣ መጀመሪያ በቀጭን ከፍታችሁ ቀጥሎ በዋናው አስፉ። ፑንታው የሚያብረቀርቅ ብረት ካገኘ ትግሉን ትታችሁ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ራቁ።

ከመብሳታችሁ በፊት የኤሌክትሪክ መስመር አስቡ። ገመድ ከማብሪያና ከሶኬት ወደ ላይ ወይም ወደ ጎን ቀጥ ብሎ የመሄድ ልማድ አለው፤ በዚያ መስመር ላይ አትብሱ። ከተጠራጠራችሁ የክፍሉን መስመር ከቆጣሪው አጥፉና ድሪሉን ከሌላ ክፍል በማራዘሚያ አንቀሳቅሱ። መነጽር አድርጉ። ከራስ በላይ ሲበሳ ፍርፋሪው የሚወርደው ዓይን ላይ ነው።

ስለ ቀዳዳው አንድ ታሪክ ልጨምር። አንዲት ጎረቤቴ መተኮስ እንዳያስፈልገው ብላ የታጠበ ወፍራም መጋረጃ ሳይጨመቅ ሰቀለች፤ ሌሊት ላይ ወረደ። ጥጥ የራሱን ክብደት የሚያህል ወይም ከዚያ የሚበልጥ ውሃ ይይዛል። መያዣው ቀድሞም ልስን ላይ ነበር፣ ውሃው የመጨረሻውን ገፋው። ስስ መጋረጃ እርጥብነቱ ትንሽ እያለው ተሰቅሎ ቢደርቅ ይወጠራልና ጥሩ ነው። ወፍራሙን ግን ሌላ ቦታ አድርቃችሁ ስቀሉ።

ምልክት፦ ብረቱ መሃሉ ላይ ጎብጧል

ርዝመቱ እጥፍ ሲሆን፣ ጨርቁ እኩል ተዘርግቶ ሳለ፣ መጉበጡ 16 እጥፍ ያድጋል። ስለዚህ 1.5 ሜትር ያለፈ ብረት መሃል ላይ ሦስተኛ መያዣ ይፈልጋል። ሁለት ቁራጭ ተሰክቶ የሚረዝም ብረት ከሆነ መያዣው መገጣጠሚያው አጠገብ ይሁን። የጎበጠውን ገልብጦ መስቀል መፍትሄ አይደለም፤ በወሩ በሌላው በኩል ይጎብጣል።

ምልክት፦ ብረቱ በውሃ ልክ ቀጥ ያለ ነው፣ ሲታይ ግን ያዘነበለ ይመስላል

ጣሪያው ወይም የመስኮቱ ፍሬም ራሱ አዘንብሏል። ብረቱ ለጣሪያው ከቀረበ ጣሪያውን፣ ለፍሬሙ ከቀረበ ፍሬሙን ተከትላችሁ ስቀሉ።

ምልክት፦ መጋረጃ ለመቀየር የወጣ ሰው ወደቀ

ይህን ቀላል የሚያደርግ ሰው ሲያጋጥመኝ ትዕግሥቴ ያልቃል። የሚሽከረከር ወንበር፣ የሶፋ እጀታ፣ በወንበር ላይ የተደረበ በርጩማ መሰላል አይደሉም። መሰላሉ ሙሉ በሙሉ ተከፍቶ ይቆለፍ፣ በመጨረሻው ደረጃ ላይ አትቁሙ፣ እምብርታችሁ ከመሰላሉ ሁለት ጎኖች መካከል አይውጣ። ትንሽ ቀረኝ ብሎ መንጠራራት ነው የሚጥለው፤ ወርዳችሁ መሰላሉን አንቀሳቅሱ። መስታወት ላይ አትደገፉ።

ከሁሉ የሚቀለው ግን ላይ ሆኖ አለመስራት ነው። ብረቱን ከነጨርቁ ከመያዣው ላይ አንሱት። ረጅም ከሆነ ሁለት ሰው ግራና ቀኝ ይያዘው። ወለል ላይ አውርዳችሁ ቀለበቱንም መንጠቆውንም እዚያው ቀይሩ። ስትመልሱት በእያንዳንዱ ጫፍ አንድ ቀለበት ከመያዣው ውጭ፣ በመያዣውና በጫፉ ጌጥ መካከል ይቅር። ያ ቀለበት የመጋረጃውን ዳር ይይዘዋል፣ ሲሳብ አብሮ አይሄድም።

አልፎ አልፎ የሚያጋጥሙ

ቀለበቱ ቢንቀራፈፍ ብረቱን በደረቅ ጨርቅ ጥረጉና ሻማ አሹበት፤ ዘይት አትቀቡ፣ ጨርቁን ያቆሽሻል። ከታጠበ በኋላ ያጠረ መጋረጃ ብዙ ጊዜ ጥጥ ነው፣ ስለዚህ አዲስ ጥጥ አጥባችሁ እንጂ ሳታጥቡ ዳሩን አትስፉ። ሽብሽቡ የማይመለስ ከሆነ ከአናቱ ላይ ያለውን መሳቢያ ክር አንድ ሰው ቆርጦታል፤ ትርፉ ክር ይቋጠራል እንጂ አይቆረጥም። ያለ ብሎን በስፕሪንግ ተወጥሮ የሚቆም ብረት ከተንሸራተተ ጨርቁ ከብዶታል፤ ለስስ መጋረጃ ብቻ ነው የተሰራው።

መጋረጃው ወይም መጋረጃ ተክቶ የሚሰቀለው ተጠቅላይ ሸራ የሚሳበው በገመድ ከሆነ ደግሞ ቀለበት ሰርቶ የተንጠለጠለ ገመድ ሕፃን አንገት ላይ ይገባል፤ ልጅ ድምፅ ሳያሰማ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ሊታነቅ ይችላል። ገመዱን ከወለል ቢያንስ 1.5 ሜትር ከፍ አድርጋችሁ ግድግዳው ላይ በተመታ መጠቅለያ እሰሩት፣ የልጅ አልጋና ልጅ ሊወጣበት የሚችል ዕቃ ሁሉ ከመስኮቱ ሥር ዛሬውኑ ይነሳ።