ያገለገለ የጀልባ ሞተር ከመግዛታችሁ በፊት ኮምፕሬሽኑን ለኩ

በጣናም ሆነ በዝዋይ ሐይቅ ለመሥራት ያገለገለ የጀልባ ሞተር የምትገዙ፣ አዲስ ቀለም አያታልላችሁ። የኮምፕሬሽን መለኪያ፣ ማለትም በሲሊንደሩ ውስጥ የሚታመቀውን አየር ግፊት የሚያሳይ መሣሪያ፣ ይዛችሁ ሂዱ። ሞተሩን ውኃ ውስጥ አስነስታችሁ ጥቂት አሙቁት፤ ከዚያ አጥፍታችሁ የደኅንነት ገመዱን ንቀሉ፣ ካንዴላዎቹንም ሁሉ አውጡ። መለኪያውን በአንዱ ቀዳዳ ላይ አስራችሁ፣ ነዳጅ መስጫውን እስከ መጨረሻው ከፍታችሁ፣ የመለኪያው ቀስት መውጣት እስኪያቆም ድረስ የማስነሻውን ገመድ ደጋግማችሁ ሳቡ። ሌሎቹንም ሲሊንደሮች እንዲሁ ለኩ።

ከቁጥሩ ትልቅነት ይበልጥ የሚያሳስበኝ የሲሊንደሮቹ መቀራረብ ነው። ልዩነቱ ከ10 በመቶ በጣም ካለፈ፣ እኔ ዋጋ እንኳን አልደራደርም። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሲሊንደሮች አብረው ዝቅ ካሉ ጋስኬቱን (በሲሊንደሮቹና በክዳናቸው መካከል ያለውን ማሸጊያ) ጠርጥሩ። በባለ አራት ምት ሞተር ደግሞ ደካማው ሲሊንደር ውስጥ ጥቂት ዘይት ጠብ አድርጋችሁ እንደገና ለኩ፤ ቁጥሩ ከፍ ካለ የፒስተኑ ፋሻ (ቀለበቱ) ሳያልቅ አይቀርም።